የኮምቢዋ የቅዳሜ ድምፅ

ጋሼ አጽብሐ የሚደውሉት ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ነበር። ሐሙስ ከቀትር በኋላ ስልኳ ላይ ስማቸውን ስታይ፣ ዳናይት ቸርችል ጎዳና ላይ ባለው መሥሪያ ቤቷ ሦስተኛ ፎቅ ተቀምጣ ማንም የማያነበው ሠንጠረዥ እየሞላች ነበር። ወዲያው አነሳችው።

«ጓለይ፣ ልጄ፣ ቅዳሜ ጠዋት እንገባለን» አሉ። «አክስትሽን ለተሚካኤልን ይዣት ነው የምመጣው። አዲስ አበባ ያለው ሐኪም ቀጠሮ ሰጥቷታል።»

«እሰይ! እንኳን ደስ...»

«ስሚኝ እንጂ። አውሮፕላኑ ላይ የፊተኛው ወንበር ተይዞላታል፤ እግሯን ዘርግታ ትመጣለች። ከወረደች በኋላም ጉልበቷን እንዳታጥፍ ተብላለች። ታክሲ ውስጥ እንዴት አድርጌ ላስገባት? ኮምቢዋን ይዘሽ ኤርፖርት ነይ። የመሀሉን ወንበር አውጪና ፍራሽ አንጥፊበት። ኮምቢዋ ደኅና ናት?»

መልሱን ለመስጠት የነበራት ጊዜ አንድ ትንፋሽ ያህል ነበር። ያ ትንፋሽ አለፈ።

«ደኅና ናት» አለች።

«ጥሩ ነው» አሉና ዘጉት።

ኮምቢዋ ደኅና አልነበረችም። ደኅና ከነበረች ስድስት ወር አልፏታል።

ጋሼ አጽብሐ የዳናይት አባት ታላቅ ወንድም ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሾፌር ነበሩ። ጡረታ ሲወጡ የራሳቸው የሆነ ነገር ቢኖር አንዲት ሰማያዊ ፎልክስ ኮምቢ ነበረች። አፍንጮ በር ካለው ጊቢያቸው ውስጥ፣ ከጋራው ቧንቧ በላይ ካለችው ዘቅዛቃ ቦታ ላይ ያቆሟታል። ባለፈው ነሐሴ እህታቸው ለተሚካኤል አዲግራት ላይ ወድቃ ዳሌዋን ስትሰበር፣ ለአንድ ወር ብለው ሄዱ። ወሩ አስር ሆነ።

ሲሄዱ ቁልፉን ለማን እንደሚሰጡ ቤተሰቡ ሁሉ ያውቅ ነበር፤ ለልጃቸው ለሰመረ ነዋ። እሳቸው ግን ከዩኒቨርሲቲ ጊዜዋ ጀምሮ እሳቸው ዘንድ ለምትኖረው ለዳናይት ሰጧት። ሰመረ ሳቀ። ሳቁ ግን የሳቅ አልነበረም።

«ለእሷ? የጣደችውን ሻይ የምትረሳ ልጅ እኮ ናት!»

«ሻይ ትርሳ» አሉ ጋሼ አጽብሐ። «እሷ አትዋሸኝም።»

ሰመረ አንድ ጊዜ ኮምቢዋን ሳያስፈቅድ ይዞ ወጥቶ፣ የተጋጨውን ጎኗን «ቆማ ነው የገጯት» ማለቱን ሁሉም ያስታውሳል።

ከቁልፉ ጋር የደብተር ወረቀት ሰጧት። መኪና ሲቆም ይሞታል፣ ይላል መጀመሪያው ላይ፤ የቀረው ትእዛዝ ነው። በየቅዳሜው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሞተሩን አስነሺ፣ ሃያ ደቂቃ ይሥራ። አንድ ሜትር ወደ ፊት፣ አንድ ሜትር ወደ ኋላ ውሰጃት፣ ጎማው ባንድ ጎኑ እንዳይተኛ። ስትጨርሺ የጭስ ማውጫውን በጨርቅ ድፈኚ፣ አይጥ እንዳይገባ። የእጅ ፍሬን እንዳትይዢ፤ ከጎማው ሥር እንጨት አድርጊ። ይቺ የመጨረሻዋ ሁለት ጊዜ ተሰምሮባታል። ምክንያቱ አልተጻፈም። ሾፌር ምክንያት አይጽፍም።

በቃል ደግሞ አንድ ጨመሩ፤ የሞተሩን ድምፅ በየቅዳሜው እየቀዳች በቴሌግራም እንድትልክላቸው።

እስከ ኅዳር ድረስ እንደታዘዘችው አደረገች። ግን ዳናይት ወረፋ ላይ የምትቁነጠነጥ፣ ሊፍት ቢዘገይ በደረጃ የምትወጣ ሰው ናት። የትም በማይሄድ መኪና ውስጥ ሃያ ደቂቃ መቀመጥ ስድብ መሰላት። ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ አንድ ቅዳሜ እንቅልፍ ጣላት። ስትነቃ አምስት ሰዓት ሆኗል፤ ቀጠሮ አላት። ያለፈውን ሳምንት ቅጂ ላከችላቸው። ጋሼ አጽብሐ እንደ ወትሮው «ጥሩ ነው» ብለው መለሱ።

ያበላሻት ይሄ «ጥሩ ነው» ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ ያንኑ ላከች። በሚቀጥለውም። እንዳይመሳሰልባቸው አንዳንዴ ከመጀመሪያው አምስት ሰከንድ ትቆርጥለታለች፣ አንዳንዴ ከመጨረሻው። ስታቲስቲክስ የተማረችው ለዚህ ነበር ለማለት ይቻላል።

ጥር መጨረሻ ላይ ጎረቤታቸው እትዬ ዘይቱና አረፉ። የእድሩ ድንኳን ጊቢው ውስጥ ተተከለ፤ መሬቱ ዘቅዛቃ ነውና አግዳሚዎቹ አልቆም አሉ። አንድ ሰው ከኮምቢዋ ጎማ ሥር ያሉትን ሁለት እንጨቶች አይቶ ወሰዳቸውና ከአግዳሚው እግር ሥር ሸጎጣቸው። በለቅሶ ቤት ማን ይከለክላል? ዳናይት ግን ኮምቢዋ ተንሸራታ ድንኳኑ ላይ እንዳትወጣ ሰግታ ገባችና የእጅ ፍሬኑን ግጥም አድርጋ ሳበችው። ለሦስት ቀን ነው አለች በልቧ። ከዚያ ረሳችው።

ሐሙስ ማታ ቤት እንደገባች በቀጥታ ወደ ኮምቢዋ ሄደች። የሰኔ ዝናብ ጀምሯል፤ የመኪናው ልብስ ላይ ውሃ ቋጥሯል። ልብሱን ስትገልጠው የሻጋታ ሽታ ፊቷን መታት። ሁለቱ የኋላ ጎማዎች ተኝተዋል። ቁልፉን አስገብታ አዞረች። ጭጭ። እንደገና አዞረች። ጭጭ።

መደወል እንደምትችል ታውቃለች። አሁን ደውላ «ዋሽቻለሁ፣ ሌላ መኪና ይፈልጉ» ብትል ጋሼ አጽብሐ አንድ ሙሉ ቀን አላቸው። ስልኩን አወጣች። ሰመረ ሲስቅ ታያት። ስልኩን መልሳ ከተተችው። ነገ አሠራዋለሁ፤ ከተሠራ ውሸቱ ራሱ እውነት ይሆናል አለች። ሌሊቱን ግን የአክስቷ እግር፣ የታጠፈው ጉልበት፣ እንቅልፍ አልሰጣትም።

አርብ ጠዋት መሥሪያ ቤት አሞኛል ብላ ደወለች፤ ይሄ እንኳ ግማሹ እውነት ነበር። ከዚያ ከጊዮርጊስ ጀርባ ወዳለው ጋራዥ ሮጠች። ጋሽ አብዱልሙሀይሚን ፎልክስ ከሚያውቁት የመጨረሻዎቹ ሽማግሌዎች አንዱ ናቸው። የተሞላ ባትሪ በጋሪ አስጭነው፣ የመፍቻ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ከኋላዋ መጡ። እሷ ከፊት እየሮጠች፣ እየቆመች ትጠብቃቸዋለች።

«አንቺ ልጅ፣ የሞተ ሰው አይሮጥለትም» አሉ። «ማን ይቀድመዋል?»

«ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ኤርፖርት መድረስ አለብኝ፣ ጋሽ አብዱልሙሀይሚን።»

«በዚህች?» ኮምቢዋን ዞሩ። ጎማውን በእግራቸው ነካ ነካ አደረጉ። የኋላውን ክዳን ከፍተው አጎነበሱና ከሞተሩ ጥግ እፍኝ ሙሉ የተበጣጠሰ ጨርቅና ስፖንጅ ዘርጥጠው አወጡ። የአይጥ ጎጆ ነበር። «እሱስ ቤተሰብ ሞልቷታል። ኪራይ ይከፍላሉ?»

«ይሠራል አይሠራም?»

«ትዕግሥት የሚባል ነገር ዩኒቨርሲቲ አያስተምሩም?»

ቤንዚኑን በጎማ ቱቦ ሳቡት። የወጣው ቢጫ ነገር ቫርኒሽ ቫርኒሽ ይሸታል። ካርቡራተሩን ፈቱ፣ አጠቡ። ካንዴላዎቹን አንድ በአንድ አውጥተው በሽቦ ቡርሽ ፈተጉ። አይጥ የበላቸውን ሽቦዎች ቀጠሉ። ዳናይት መፍቻ እያቀበለች ሰዓቷን ታያለች። ስድስት ሰዓት ሆነ። ስድስት ተኩል ሆነ። ጋሽ አብዱልሙሀይሚን እጃቸውን በሳሙና መታጠብ ጀመሩ።

«ምነው? ጨረሱ እንዴ?»

«ዛሬ እኮ ጁምዓ ነው።»

«ስንት ሰዓት ይፈጃል?»

«እንግዲህ ለኢማሙ ዳናይት ትቸኩላለች ብዬ እነግራቸዋለሁ» አሉና ሄዱ።

አንድ ሰዓት ከሩብ ብቻዋን ቆየች። ሞተሩ አንጀቱ ተዘርግፎ እንደተኛ በግ ጋዜጣ ላይ ተበትኗል። ፍራሹን አውጥታ መለካት ጀመረች፤ ልኩን ካወቀች በኋላም ለካች። ሰማዩ እየጠቆረ ነው። አሁንም መደወል ይቻል ነበር። አልደወለችም።

ጋሽ አብዱልሙሀይሚን ሲመለሱ ከየሲን ጋር ነበሩ። የሲን የእትዬ ዘይቱና ልጅ ነው፤ ፒያሳ ወርቅ ሠሪ ነው፤ እናቱ ካረፉ ወዲህ ቤቱ ውስጥ ብቻውን ነው የሚኖረው። የጁምዓ ልብሱን እንኳ ሳይቀይር እጅጌውን ሰበሰበ።

«ጋሼ አጽብሐ ነገ ሊመጡ ነው አሉ? ምነው እስካሁን ዝም አልሽኝ? በየቅዳሜው እያስነሳሻት መስሎኝ ነበር እኮ።»

«በየቅዳሜው ቤት ትውላለህ እንዴ አንተ?» አለች ዳናይት፣ ሳትፈልግ ተቆጥታ።

«ቅዳሜ ገበያ ነው፤ እናቴ ካረፈች ወዲህ በጠዋት ሱቅ እሄዳለሁ። አትጩሂብኝ፤ ልረዳ ነው የመጣሁት።»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አዲሱ ቤንዚን ገባ፣ ጎማዎቹ ተነፉ፣ ባትሪው ታሰረ። ቁልፉን አዞረች። ሞተሪኖው አቃሰተ፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ፤ በአራተኛው ኮምቢዋ ሰማያዊ ጭስ ተፍታ ተነሳች። ዳናይት መሪው ላይ ግንባሯን ጣል አድርጋ ሳቀች። አበቃ። ማንም ምንም ሳያውቅ አበቃ።

አንደኛ ማርሽ አስገብታ ፍሪሲዮኑን ለቀቀች። ኮምቢዋ ከኋላዋ ቁጢጥ አለችና ሞተሩ ጠፋ።

ጋሽ አብዱልሙሀይሚን ወደ መስኮቱ መጡ። ፊታቸው ላይ ቀልድ አልነበረም።

«የእጅ ፍሬን ይዘሽ ነበር?»

«አሁን ለቅቄዋለሁ።»

«አሁንን አልጠየቅኩሽም። ከመቼ ጀምሮ?»

የሲንን ሰረቅ አድርጋ አየችው። «ከ... ከእትዬ ዘይቱና ለቅሶ ጀምሮ። እንጨቱን ለአግዳሚ ወስደውት ነበር።»

«እንጨቱ እኛ ቤት ነው» አለ የሲን በቀስታ። «አልጋው ሥር አይቼዋለሁ። የምን እንደሆነ ሳላውቅ።» ሄዶ ሁለቱን ጥርብ እንጨቶች አመጣና መሬት ላይ አስቀመጣቸው።

ኋላዋን በክሪክ አንስተው ጎማዎቹን አወጡና የፍሬኑን ከበሮ፣ ታምበሩን፣ በመዶሻ ይቀጠቅጡት ጀመር። የፍሬኑ ሸራ ከታምበሩ ጋር ዝጎ አንድ ሆኗል። ጎረቤት በየበሩ ወጥቶ ያያል። የግራው እንደ ጥይት ጮሆ ለቀቀ። የቀኙ ሲለቅ ሸራው ተገንጥሎ ወደቀ። የፍሬን ዘይቱ ጥላሸት መስሏል፤ ከቱቦው ጫፍ ጠብ ጠብ ይላል።

«እንግዲህ ትሄዳለች» አሉ ጋሽ አብዱልሙሀይሚን መዶሻውን አስቀምጠው። «መቆሟን ግን ቸርችል ቁልቁለት ላይ ስትደርሺ ትጠይቂያታለሽ።»

«በቀስታ ብነዳትስ? በአንደኛ ማርሽ?»

«ባዶዋን ከሆነ እብደት ነው። በሽተኛ ጭነሽ ከሆነ ስሙ ሌላ ነው።»

«ዕቃው ዛሬ አይገኝም?»

«ለዚህች ዕድሜ? ሳምንት ፍለጋ ነው። ሰኞ እንጀምር።» ሊያባብሏት ፈልገው ይሁን ሥራ ለመጨረስ፣ ወደ ሞተሩ ተመለሱ። «አስነሺልኝ እስቲ፤ ድምፁ አላማረኝም። ድሮም እንዲህ ነው የምትጮኸው?»

«አላስታውስም» አለች። ራሷ ባዶ ነበር። «ቅጂ ግን አለኝ። የኅዳር ነው።»

ስልኳን አውጥታ ድምፁን ከፍ አድርጋ ከፈተችው። ሃያ ስድስት ጊዜ ልካዋለች፤ አንድም ጊዜ እስከ መጨረሻው ሰምታው አታውቅም። ጋሽ አብዱልሙሀይሚን ዓይናቸውን ጨፍነው ጆሯቸውን አስጠጉ። ሞተሩ ጥርት ብሎ ይመታል። ሠላሳ ሰከንድ። ከዚያ፣ መሀል ላይ፣ ከሞተሩ ጀርባ፣

«የሲን! ኧረ አንተ የሲን! ውሃው መጥቷል፣ በርሜሉን አምጣ!»

የሲን የያዘው መፍቻ ከእጁ ወደቀ።

እትዬ ዘይቱና ውሃ በመጣ ቁጥር ጊቢውን በሙሉ እንዲህ ነበር የሚቀሰቅሱት። ከመለመዱ የተነሳ ማንም የማይሰማው ጩኸት ነበር። ቅጂው አለቀ። ጋሽ አብዱልሙሀይሚን ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ፤ ዱዓ መሆኑ ነው።

«መልሺው» አለ የሲን።

መለሰችው። ሲሰማ ፊቱን ወደ ቧንቧው አዙሮ ነበር።

«ላኪልኝ» አለና ወደ ቤቱ ገባ።

ዳናይት ላከችለት። ከዚያ ነው ሒሳቡ የገባት። እትዬ ዘይቱና የተቀበሩት ጥር መጨረሻ ነው። የዚያኑ ዕለት ለጋሼ አጽብሐ ደውላ ያረዳቻቸው ራሷ ናት፤ እሳቸውም ለየሲን ደውለው አልቅሰዋል። ከዚያ ወዲህ አስራ ሰባት ቅዳሜ አልፏል። አስራ ሰባት ጊዜ የሞቱ ሴት በርሜል አምጣ ሲሉ ልካላቸዋለች፤ ከመጀመሪያም ከመጨረሻም እየቆረጠች፣ መሀሉን ሳትነካ። እሳቸውም አስራ ሰባት ጊዜ «ጥሩ ነው» ብለው መልሰዋል።

እጇ የሞተር ዘይት እንደነካው ደወለች።

«ጋሼ። ኮምቢዋ አትመጣም። ከታኅሣሥ ጀምሮ አላስነሳኋትም። የምልክልዎ ድምፅ...»

«አንድ ነው» አሉ። «ዘይቱና ነግራኛለች።»

ዳናይት ስልኩን ይበልጥ ወደ ጆሮዋ አስጠጋች።

«አፈር በለበሰች በሳምንቷ የሲንን ውሃ ቅዳ ስትለው ሰማኋት። እንዴት እንደደነገጥኩ! ጸበል ልጠጣ ነበር። በሁለተኛው ቅዳሜ ገባኝ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«አንቺስ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አክስቴስ? ነገ በምን...»

«አምቡላንስ ሰኞ ዕለት ነው ያዘዝኩት። ለተሚካኤልን በአንቺ ድምፅ ላይ የማሳፍር መሰለሽ?»

«ታዲያ ሐሙስ ለምን ደወሉ?» ድምፅዋ ከፍ አለ። «ከትናንት ጀምሮ እኮ ነፍሴ ወጣ!»

«አንድ ጊዜ በአፍ ልጠይቅሽ ብዬ ነው። በሞተር ድምፅ አይደለም፣ በአፍሽ። ደኅና ናት ወይ አልኩሽ። ደኅና ናት አልሽኝ።»

ይቅርታ አለች፤ ቃሉ ትንሽ ሆኖ ተሰማት። እሳቸውም ቃሉን አላነሱትም፣ አልጣሉትም።

«ቁልፉን ለየሲን ስጪው» አሉና ዘጉት።

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ፣ እህታቸውን ሆስፒታል አስተኝተው፣ ጋሼ አጽብሐ ከሰመረ ጋር ጊቢው ደረሱ። ከስተዋል። ዳናይትን ጉንጯን ሳሟት፤ እንደ ሁልጊዜው ግን ግንባሯን አልነኩም። ሰመረ በጆሮዋ «ሻዩ አረረ፣ አይደል?» አላት።

ጋሼ አጽብሐ በጉልበታቸው ተንበርክከው የኋላውን ጎማ አዩ። የተገነጠለውን የፍሬን ሸራ አነሱ፣ አገላበጡት፣ ኪሳቸው ከተቱት። ተነሱና የሲንን ሞተሩን አስነሳ አሉት። ለረዥም ጊዜ አዳመጡ።

«ሦስተኛው ሲሊንደር ይዘላል» አሉ። ከዚያ ወደ ሁለቱ ጥርብ እንጨቶች በአገጫቸው አመለከቱ። «አንቺ እንጨቱን።»

ሥራዋ እሱ ሆነ ማለት ነው። ጭቃው ውስጥ ተንበርክካ እንጨቶቹን ከጎማው ሥር ሸጎጠቻቸው። የሚያፈገፍጉ መሆን አለመሆናቸውን በእጇ ገፍታ አረጋገጠች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ፣ ልክ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ ዳናይት ፊቷን ስትታጠብ ሞተር ሰማች። ድምፁ ከየሲን ቤት በኩል ነው የመጣው፤ ኮምቢዋም የቆመችው እዚያው ፊት ነው። ውሃውን እንደያዘች ቆመች። የሲን ቅጂውን ማታ ማታ ሲከፍተው በግድግዳው በኩል ሰምታለች። ሠላሳ ሰከንድ ጠበቀች። ሠላሳ አምስት። አርባ። የእትዬ ዘይቱና ጥሪ አልመጣም። በምትኩ ሞተሩ አንድ ምት ዘለለ፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ዘለለ።

ፊቷን ሳትጠርግ እንጨቱን ልታነሳ ወጣች።